ባቄላ የተነከረበት ውሃ

ወይዘሮ አገርነሽ ከደባርቅ ገበያ ገብስ ገዝተው ሲመለሱ፣ ባጃጅ ውስጥ የጎረቤታቸውን ልጅ መስከረምን አገኟት። መስከረም ጎንደር ስለ ሰብል የተማረች ናት። ከሰላምታው በኋላ ገብሱን አይታ፣ ባለፈው ሳምንትም ገዝተው እንደነበር አስታወሰቻቸው።

መሸሸግ አልቻሉም። የባላቸው የአቶ ያየህ ሙት ዓመት እየተቃረበ ነው፤ ለጠላው ብቅል የነከሩት ገብስ ግን ሁለት ጊዜ ሳይበቅል ቀረ። ሌላ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ብርሃኔ «ሟቹ ቢያኮርፍ ነው» ብለዋል። እሳቸውም ምን አስቀይሜው ይሆን እያሉ ከርመዋል።

መስከረም በምን ውሃ እንደነከሩት ጠየቀች።

«በበቆልቱ ውሃ ነዋ። ባቄላ ያበቀለ ውሃ ገብስ ያቅተዋል? ምንጩ ሩቅ ነው። ባለቤቴ እያለ በአህያ ይጭንልኝ ነበር፤ ዛሬ እንዴት ብዬ ልድፋው?»

«ገብሱን ያስቀረው ያ ውሃ ይመስለኛል፣ እትዬ።»

«አንች ልጅ፣ ተምረሽ ተምረሽ ባቄላና ገብስ ልታጣይ መጣሽ? አባቶቻችን ባቄላ በተነሣበት መሬት ገብስ ሲዘሩ አይደል የኖሩት?»

«ልክ ነበሩ፤ ባቄላ መሬቱን ያለማል። ዘር ሲበቅል ግን ከውስጡ የሚለቀው ነገር አለ። በማሳ አፈሩና ዝናቡ ያሳሱታል፤ ማሰሮ ውስጥ ይጠራቀምና የሌላውን ዘር ሥር ያቀጭጫል። ገብስም በፊናው ሌላውን ሊጎዳ ይችላል። ዘር ሁሉ እንዲህ ነው አልልም። እኔን አይመኑ፤ ገብሱን ይጠይቁት።»

ወይዘሮ አገርነሽ በክርክር የሚረቱ ሰው አይደሉም። ውሃው ከርሞ ነው እንዳይባል ባቄላውን ራሳቸው እንደ አዲስ ነከሩ። ከገዙት ገብስ አንዳንድ እፍኝ በሁለት ጣባ አድርገው፣ አንዱን በንጹሕ ውሃ፣ ሌላውን በባቄላው ውሃ አራሱና አንድ ጥግ ላይ ሸፈኗቸው።

በአራተኛው ቀን ገለጧቸው። ንጹሕ ውሃ የጠጣው እንደ ሽማግሌ ጢም ነጭ ሥር አውጥቷል። ሌላው እዚህም እዚያም ቆንጠር ያለ ሥር ብቻ አውጥቶ ቀርቷል። ሁለቱን ጣባ ደጅ አውጥተው በብርሃን አዩዋቸው።

«እንግዲያው ያየህ አላኮረፈኝም» አሉ።

ሦስተኛው ብቅል አማረ። በሙት ዓመቱ ቀን ወይዘሮ ብርሃኔ ሁለተኛውን ጣሳ ጨልጠው፣ «አሁንስ ሟቹ ታርቋል» አሉ።

«እሱ መቼ ተጣላኝና? የተጣሉት ባቄላና ገብስ ናቸው። አንድ ማሰሮ ውስጥ ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ከወይዘሮ ብርሃኔ በላይ የሳቀም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በመንደሩ እያንዳንዱ እህል በየራሱ ውሃ ይነከራል፤ የባቄላው ውሃ ለጥጃ ይሰጣል። አህያ ያላቸውም ለሌላቸው በተራ ውሃ ይጭናሉ። በከንቱ ይበሰብስ የነበረው ገብስ ለቤት ተርፏል። ወይዘሮ አገርነሽም የባላቸውን ስም ሳይሳቀቁ ይጠራሉ።