ሳይነበብ የነደደው ገጽ

በመሠረተ ትምህርቱ ዘመን ከኮኪት ወደ መተማ በሰሊጥ መኪና ጆንያው ላይ ተቀምጠን ስንሄድ፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬና አንድ የጎጃም አጫጅ ያወራሉ።

«የሳይንስ መጽሐፍ ሰጥተውን ነበር፣ አባቴ። ወባን የምታመጣው ትንኝ ናት ይላል።»

«ምን አድርጉ ይላል ታዲያ?»

«ጭስ ያባርራታል ይላል። ማታ ማታ አንድ ገጽ እናነብና እሱን እናጨሳለን።»

«መጽሐፉን?»

«ያነበብነውን ብቻ።»

«ለያዘው ሰው መድኃኒቱ ምንድን ነው ይላል?»

«የሚቀጥለው ገጽ ላይ ነው ብሎን ነበር አንባቢያችን። በማግሥቱ ወባ ጣለው። ሌላ ፊደል የቆጠረ የለም፣ ትንኟ ደግሞ አትጠብቅም፤ ሳናነበው አቃጠልነው።»

«አንባቢያችሁስ?»

«ሐኪም ቤት እየወሰድኩት ነው። ያ ሰውዬ የተደገፈው እሱን ነው።»

የሰሊጥ ጆንያ መስሎኝ ከተደገፍኩት ጋቢ ላይ ጀርባዬን ቀስ ብዬ አነሣሁ።