አንድ ኩባያ ዱቄት

ከዴራ ወደ አሰላ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት ስልኳን እያየች በረጅሙ ተነፈሰች። አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ ዞር አሉ።

"ምን ሆንሽ ልጄ?"

"ኬክ ነዋ አባባ። ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም ዱቄት ይላል፣ እኔ ሚዛን የለኝም። ትናንት በኩባያ ለክቼ ብጋግረው ሾርባ ሆኖ ወጣ።"

"ስንት ኩባያ አደረግሽ?"

"አንድ። አንድ ኩባያ ውሃ ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም ነው ብዬ።"

"ውሃና ዱቄት አንድ ነው እንዴ! ስንት ዘመን እህል ነግጃለሁ፤ አንድ ጣሳ ስንዴና አንድ ጣሳ ዱቄት እንኳ እኩል አይመዝኑም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ? የምሠራበት ክሊኒክ ያለው የሕፃናት ሚዛን ብቻ ነው።"

"ኧረ እሱን ተዪው! የታሸገ አንድ ኪሎ ዱቄት ግዢና በኩባያሽ እየሰፈርሽ ቁጠሪ። ስምንት ኩባያ ከወጣው ሩቡ ሁለት ነው። ሩብ ኪሎ ደግሞ ያው ሁለት መቶ ሃምሳ ግራምሽ ነው።"

"ወይኔ! ግማሹን ነዋ ያደረግኩት!"

"ለማን ነው ኬኩ?"

"ለአከራዬ። ከጎጃም ተመድቤ ስመጣ እንደ ልጃቸው ነው የተቀበሉኝ። ነገ ሰባ ዓመት ይሞላቸዋል፣ ኬክ ቆርጠው አያውቁም።"

"እኔም ሰባ አልፌአለሁ፤ ቆርጬ አላውቅም።"

"እንግዲያው ነገ ይምጡና አብረው ይቁረጡ።"

"ኬኩ ከረጋ እመጣለሁ።"

"ባይረጋም ይምጡ፣ በማንኪያ እንበላዋለን!"

መውረጃዬ ካለፈ ቆይቷል፤ እኔ ግን "ወራጅ" አላልኩም።