ለየኔታ የወሰድኩት ሄድፎን

ዲማ ሳለሁ ዜማ ያስተማሩኝ የኔታ ጆሯቸው ደክሞ ስለነበር፣ ውድ ሄድፎን ገዝቼ ወሰድኩላቸው። የሟች መምህራቸው ዜማ የተቀዳበት ስልክ ላይ ሰካሁና ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ቀድሜ ስሞክረው ለእኔ ዝግ ብሎም ቢሆን ይሰማኝ ነበር። «እንዴት ነው፣ የኔታ?» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ግሩም ነው» አሉኝ። ስልኩንም ትቼላቸው ደብረ ማርቆስ ተመልሼ፣ የኔታን አሰማኋቸው እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። አንድ ድምፅ ቀጂ ወዳጄ ግን ሳቀብኝ። «ስልክ እኮ ይህን ሄድፎን አይገፋውም፤ ድምፅ የሚያጎላለት፣ የሚመጥነው አምፕሊፋየር ይፈልጋል። በጥጃ ልታርስ ነው እንዴ? ለደከመ ጆሮማ ጭራሽ አይሰማም።»

የሚመጥነውን አስመርጬ ዲማ ተመለስኩ። የኔታ ሄድፎኑን አድርገው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። የኔታ በየቀኑ እንደሚያደርጉት ተማሪዎቻቸው ነገሩኝ። አምፕሊፋየሩን አገናኝቼ ድምፁን ቀስ በቀስ ስጨምር፣ የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ብድግ አሉ።

«መምህሬ ናቸው! እሳቸው ናቸው!»

«ታዲያ እስካሁን ምን ነበር የሚሰሙት?» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ምንም።»

«ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ከዚያ ድረስ ተሸክመህ መጥተህ ምን ልበልህ? አንተስ ልጅ ሳለህ፣ ለምነህ ቁራሽ አጥተህ ባዶ አኩፋዳ ይዘህ ስትመለስ፣ በልቻለሁ ትለኝ አልነበር?»

ያን ጊዜ ያመኑኝ ነበር የሚመስለኝ። በየሰዉ ፊት ያወራሁት ሁሉ ትዝ አለኝና ቀና ብዬ ላያቸው አፈርኩ። ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ።

«ትንሽ ጨምርልኝማ» አሉኝ።