የውቢት መርፌ

— ሄሎ... አቤት... ማን ልበል? ... እንዴ፣ ዶክተር ዮሳዲቅ! ደህና ነዎት? ... አዎ፣ ዘነቡ ነኝ፣ ካርቲየ ሁለት ሰፈር፣ ምግብ ቤቱ። ይሰሙኛል? ቬንቲሌተሩ ይጮሃል፣ ትንሽ ይታገሱኝ... ኑሪያ፣ አጥፊው እስቲ። ... እሺ፣ አሁን ይናገሩ።

— ውቢት? ... አዎ፣ ከቀጠሮዋ ቀረች። ... ኧረ አልጠፋችም፣ እዚሁ እኔ ጓዳ ተኝታለች። ... ታማ አይደለም፣ ተደብድባ ነው። ... ተደብድባ አልኩዎት እኮ። ታምሩ ነዋ፣ የሷው ሰውዬ፣ ተሳቢ የሚነዳው። ትናንት ከቀትር በኋላ ገድሏት ሊሄድ ነበር፣ እግዜር ባይደርስ።

— ልንገርዎት፣ ግን አያቋርጡኝ። ትናንት ዓርብ አይደል? የምትሠራበት ቤት ማዳም የምትለቃት በሳምንት ያቺን አንዷን ቀን ነው። እዚህ መጥታ፣ ፀጉሯን ታጥባ፣ ከረዳቴ ከኑሪያ ጋር ሽንኩርት እየላጠች ትስቅ ነበር። እሱ ከወደብ መጣ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ የጎማ መፍቻ ይዞ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። እርጥብ ፀጉሯን እጁ ላይ ጠቅልሎ ከበርጩማው ጎትቶ ጣላት። በቡትስ ጎኗን አላት፣ አንዴ፣ ሁለቴ... እኔስ መቁጠሩን ተውኩት። ፊቷን ስትሸፍን እጇን በብረቱ መታው። ሲሰበር ሰማሁት፣ ዶክተር። የሰው አጥንት ሲሰበር እኮ ይሰማል።

— ... ሁለት የፊት ጥርሷ ረግፏል። ግራ እጇ ተሰብሯል፣ ጎኗ አብጧል፣ ስትተነፍስ ታቃስታለች። ... ሐኪም ቤት ወስደናታል እንጂ። እጇን አሽገው፣ ለሌላው ማስታገሻ ሰጥተው ሸኙን። ... ፖሊስ? በሰው አገር ወረቀት የሌላት ልጅ ይዤ ፖሊስ ጋ ልሂድ? እርስዎም ደግሞ።

— በምን አስጣላችኋት ይሉኛል? ምድጃ ላይ ሽሮ ነበረኝ፣ የሚንተከተክ። ጀርባው ላይ ደፋሁበት። አልፀፀትም፣ ሌላ ድስት ቢኖረኝ እደግመው ነበር። ያኔ ነው ከይረዲን፣ ጓደኛው ነው፣ እሱም ሹፌር፣ ሮጦ ገብቶ አንገቱን አንቆ ያወጣው።

— ምክንያቱማ... ሲመታት የሚጮኸው አንድ ነገር ነው። «በከልሽኝ፣ የኤችአይቪ መርፌ ጀምረሻል፣ ከክሊኒኩ ደውለው ነገሩኝ» ነው የሚለው። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ዛሬ ጠዋት ማዳም ሻንጣዋን በሰው ላከችልን። በቃ፣ እንጀራዋም ሄደ።

— እና እኔ የምጠይቅዎት ይሄንን ነው፣ ዶክተር። የትኛዋ ነርስ ናት የደወለችለት? ... ሄሎ? ይሰሙኛል? ... ማን? ... አንተ?

— አዎ፣ አንተ አልኩህ። ምን ብለህ ነገርከው? ... «የኤችአይቪ መርፌዋ ቀን አልፏል፣ ንገራት።» እንዲህ ብለህ? በነዚሁ ቃላት? ... ቅጹ ላይ የወንድሟ ስልክ ይላል? ይላላ። ስልኳን ማዳም ከዓርብ እስከ ዓርብ ቆልፋ ታስቀምጣለች፣ የማንን ቁጥር ትስጥ? ደግሞስ የትኛዋ አበሻ ናት አበሻ ሐኪም ፊት ተቀምጣ «ውሽማዬ» ብላ የምታስጽፈው? እዚህ ሰፈር ሁላችንም ስንት ወንድም አለን። ይሄን ለማወቅ ዶክተርነት ይጠይቃል እንዴ?

— ይቅርታውን ለሷ አስቀምጥላት። አምና እዚሁ ቤት ተቀምጠህ ያስረዳኸን አንተ ነህ። ቫይረሱ በግንኙነት ሲመጣ ሰውነት ዘበኛ አለው፣ እኔ የማጠናው ዘበኞቹን ነው፣ መርፌው ደግሞ ደጅ ላይ ያስቀረዋል አልክ። መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ውቢት ናት። ታምሩን አላምነውም፣ መርፌውን ልመን ብላ። በየሁለት ወሩ፣ ማዳምን እየዋሸች፣ ስድስት ጊዜ መጣችልህ። የደም ዘበኛ ታጠናለህ፣ የሰው ምስጢር መጠበቅ ግን አልቻልክም።

— ... እና ቀኗ ቢያልፍም እስከ ዛሬ ትጠበቃለች? ... ከዛሬ ካለፈ ከጥናቱ ትወጣለች? መርፌውም ይቀርባታል? ... ቆይ፣ ራሷን ልጠይቃት። ውቢትዬ... ዶክተሩ ነው። ዛሬ ካልተወጋሽ አበቃ ይላል።

— ትሰማኛለህ? በዚያ ባበጠ አፏ ምን አለች መሰለህ። «ጥርሴ ይርገፍ፣ መርፌዬን ግን አልተውም» አለች። ... መምጣትማ አትችልም፣ ቀና ስትል ያዞራታል። አንተው ይዘኸው ና።

— ቆይ... በር እየተንኳኳ ነው። ኑሪያ፣ ማነው? ... ዶክተር፣ እንዳትዘጋ። ከይረዲን ነው። ሽማግሌ ሆኜ መጣሁ፣ ላስታርቅ ይላል፣ ታምሩን አስከትሎ። ... ከይረዲን፣ ይዘኸው ጥፋልኝ። ... ምን? «ታምሩም ተበክሏል፣ እዘኑለት» ይለኛል። ... ዶክተር፣ የሷ ምርመራ ንጹህ ነው አይደል? ... ምስጢር ነው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። ውቢት፣ ይናገር? ... ይናገር ብላለች። ... ስድስቱም ጊዜ ንጹህ? ከይረዲን፣ ስማ፣ ዶክተሩ ስልክ ላይ ነው። ንጹህ ናት። መርፌው እንዳይዛት ነው እንጂ ስለያዛት አይደለም።

— ኧረ ውቢት፣ ተይ፣ አትነሺ... ተነሳች፣ ዶክተር። ግድግዳውን ተደግፋ ፊቱ ቆማለች። «የኔ ደም ንጹህ ነው፣ ያንተስ?» አለችው። ... መሬት መሬቱን እያየ ያጉረመርማል። ... ምን አልክ? ጮክ ብለህ ተናገር፣ አንተ ሰው።

— ዶክተር... ካወቅኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ ነው የሚለው። አገር ቤት፣ አዋሽ ላይ ተመርምሮ ነግረውታል። ክኒኑንም አይውጥም፣ ሹፌሮች እንዳያዩበት። ... እሷም ታዲያ ለምን መታኸኝ አለችው። «ያወቅሽብኝ መስሎኝ» አለ። በከልሽኝ እያለ የጮኸው ሰው ለሱ እንዲያዝን ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ሦስት ዓመት ሙሉ አብሯት እየተኛ፣ ዶክተር።

— ... ምንድነው ድምፅህ እንዲህ የሆነው? ... ከሱ ጋር እየተኛች አልያዛትም፣ ሠርቷል ማለት ነው? ደስ አለህ እንዴ? እዚህ ሴትዮዋ በተሰበረ እጇ ቆማ አንተ... ወይኔ፣ ከይረዲን! ... ታምሩን አፍንጫውን በቡጢ አለው። ወደቀ። ላዩ ላይ ወጥቶ ይቀጠቅጠዋል፣ «ትናንት አዝኜልህ ነበር» እያለ። ወለሉ ደም በደም ሆነ። ኑሪያ፣ ራቂ ከዚያ። ... አልገላግልም፣ ዶክተር። አትለምነኝ፣ እጄ እሺ አላለኝም። ይግደለው።

— ቆይ፣ ዝም በል። ውቢት የከይረዲንን ትከሻ ያዘችው። ተወው ትለዋለች። ... አይ፣ አዝናለት አይደለም። ያለችውን ቃል በቃል ልንገርህ። «አትግደለው፣ ያዘው ብቻ። እያየ ነው መርፌዬን የምወጋው።»

— ... መጀመሪያ ደሟን መመርመር አለብህ? መርምራት፣ ያንንም ይየው። ... ፈራህ? እኔም ፈርቻለሁ። እሷ ግን ደህናውን ክንዷን ገልጣ ተቀምጣለች። ከይረዲን ደረቱን በጉልበቱ ተጭኖታል፣ አንተ እስክትደርስ አይለቀውም። ... በል፣ ታክሲ ያዝ። ዝጋው።