ከግድግዳው ማዶ ያለው ቫዮሊን

ግቢ ግቢ፣ ጨርቁን ወደዚያ ገፋ አድርጊና ተቀመጪ። ዚፑ ነው አይደል የተበላሸው? ቀላል ነው፣ እየተጨዋወትን ያልቃል። እናንተ ፎቅ ውሃ መጣ? እኛ ጋ እንደ ችኩል እንግዳ ብቅ ብሎ ሄደ... ድምፄ ከፍ አለብሽ እንዴ? የስፌት መኪናው ሲጮህ እንዳትቸገሪ ብዬ ነው። ግድግዳው እንደሆነ ስስ ነው፤ ጎረቤቴ ከወዲያ ሲያስነጥሱ እኔ ከዚህ «ይማርዎ» እላለሁ። ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሽ? ቤት አሉ ማለት ነው... ይኑሩልን።

ይሄ የተንጠለጠለው? የሙሽራ ቀሚስ ነው፣ የእኚሁ የጎረቤቴ ልጅ። ጫፉ ብቻ ቀርቶኛል። መርፌ መያዝ እዚሁ ቤት የተማረች ናት፣ እንደ ልጄ ነው የምወዳት። «አዳራሽ ስገባ ሙዚቀኛ አልፈልግም፣ አባቴ ነው ቫዮሊን የሚጫወትልኝ» ብላለች። ታድላ! እንዲህ ያለ አባት ከየት ይገኛል?

ስለ ትጋት ከተነሳማ... አባትየው ቫዮሊኑን ከገዙ ጀምሮ ቦዝነው አያውቁም። መጀመሪያ የኖታ ማስቀመጫ ገዙ። ከዚያ ወንበሩ ጀርባ ይጎዳል ብለው ሌላ አመጡ። ከዚያ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል ተባለ፣ አምፖል ተቀየረ። መጋረጃው ድምፅ ይውጣል አሉና እኔው አሳጠርኩላቸው። «የፊታችን ሰኞ እጀምራለሁ» ይላሉ፤ ቃላቸውንም አላጠፉም፣ ሰኞ ሁልጊዜ የፊታችን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? የሳቸው በምን ይፈታል? ሲታጠቁ ነው የሚውሉት፣ መቼ ሮጡና! ሰው ልምምድ ሰለቸኝ ይላል... የሚለማመድማ ጣቱ ሲፍታታ እያየ ይበረታል፣ ምን ይደንቃል? ሳይለማመዱ ይሄን ያህል ዘመን መጽናት ነው ጀግንነት።

ሐሜት እንዳይመስልሽ ደግሞ፣ አሁን ተለውጠዋል። የሰርጉ ቀን ከተቆረጠ ወዲህ ከሥራ እንደገቡ በራቸውን ዘግተው ነው። ጨዋታው እንዴት ያምራል መሰለሽ! አንድ ስህተት የለም። ጀማሪ እኮ ይሳሳታል፣ ይደግማል፣ ይናደዳል... እሳቸው ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ዜማው መሀል ላይ አንዴ ያስላቸዋል እንጂ። ያውም ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ። ሳሉን እንኳ በኖታ የሚስል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

ባለፈው ልጅቷ ቀሚሱን ልትለካ መጥታ፣ እዚህ መስታወቱ ፊት ቆማ ሰማችው። «ለኔ ብሎ እኮ ነው» አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ ምን ልበል? አፌ ስፒል ይዟል።

በማግስቱ መብራት ሄደ። የኔ መኪና ቀጥ አለ... ቫዮሊኑም ቀጥ። እኔ ሞኟ፣ ቫዮሊን እንጨትና ክር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሶኬት ላይ የሚሰካም አለ! መብራቱ ሲመለስ እኔ ካቆምኩበት ቀጠልኩ፤ እሳቸው ግን ትጉህ አይደሉ? እንደገና ከመጀመሪያው። ሳሉም በቦታው መጣ።

ያን ዕለት፣ መብራት ጠፍቶ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ጠብቄ ነበር። ቫዮሊኗን አንዴ እንኳ ሲር ቢያደርጓት... ዘይት እንዳጣ በር ብታንቋርር ምን ነበረበት? እሱን ብትሰማም እኮ ያቺ ልጅ ታለቅስ ነበር፣ የአባቷ እጅ ነዋ። አሳዘነኝ፣ አልዋሽሽም። አሁንም ቢሆን የቀሚሱ ጫፍ አላለቀም፣ ቀን አለ... እኔ ምን አገባኝ ብቻ።

ይኸው ዚፕሽ፣ ሞክሪው። ሰርጉ ላይ መቼም አትቀሪም? የፊት ወንበር ያዢ። ልጅቷ በነጭ ቀሚሷ በሩ ላይ ስትቆም፣ ሰው ሁሉ ጸጥ ሲል፣ እሳቸው ቫዮሊኑን ትከሻቸው ላይ ሲያስደግፉ... ወግ ማዕረግ ነው፣ ያድርሳቸው። ጣታቸውን ይባርክላቸው፣ ከሳሉም ይማራቸው። አሜን በይ እንጂ እቱ... ለዚያች ቀንስ ፈጣሪ መብራቱን አያጥፋባቸው።