ኮከብ መሰል ህዋሳትና የኡስታ ሚትወሊ ሽሮፕ

በግብጽ የደምያጥ ከተማ፣ በእንጨት ቀረጻ ሊቅነታቸው ኡስታ የተባሉት የሚትወሊ ባለቤት ሐጃ ኢንሳፍ የዚያን ዕለት ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ሲገቡ ከጎናቸው ማን እንደተቀመጠ እንኳ ልብ አላሉም። ሐሳባቸው ሁሉ እቤት ነበር። ባላቸው ሰሞኑን ቀን ቀን ሲያንቀላፉ፣ ሌሊት ሲቃዡ ሰንብተው፣ ዛሬ ደግሞ ቁርስ ላይ ሻያቸውን ባቄላው ላይ ደፍተው፣ «እማዬ፣ ጫማዬን የት አደረግሽው?» ብለው ጠየቋቸው። አርባ ሁለት ዓመት አብረው የኖሩትን ሚስት፣ እማዬ!

«ሐጃ፣ ደኅና አይደሉም እንዴ? ፊትዎ ገርጥቷል» አለች ከጎናቸው ያለችው ወጣት።

«ውይ፣ ናጅላ! የጎረቤቴን ልጅ አጠገቤ አስቀምጬ አላየሁም! እኔም ልከተላቸው ነው መሰለኝ።»

ናጅላ መንሱራ ዩኒቨርሲቲ ስለ አንጎል ህዋሳት ታጠናለች። የሐጃን ጭንቀት ስታይ ዝም ማለት አልቻለችም። «ማንን ነው የሚከተሉት? ወዴት ነው በጠዋቱ?»

«ክታብ የሚጽፉ ሰው አሉ ሲሉኝ ነው። ኡስታ ጃጅተውብኛል፤ ካልሆነም የሰው ዓይን ነው። ምን ልበልሽ?»

«ጉበታቸውን ያማቸው የለ? ያ ጣፋጩ ሽሮፕስ?»

ሐጃ ግራ ቀኛቸውን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ተይኝ እቴ! እሱ ደግሞ መድኃኒት ነው? በሠራተኞቻቸው ፊት ቀኑን ሙሉ ሽንት ቤት እያመላለሰ አዋረዳቸው። አቅምም አሳጣቸው። እኔው ነኝ ያስቆምኳቸው።»

«መቼ?»

«ዛሬ ስምንት ቀኑ።»

ናጅላ ደነገጠች። «መቀባዠር ከጀመሩስ?»

«ከዚያ ወዲህ ነው። ምነው? ምን አስደነገጠሽ?»

«ወራጅ አለ!» ብላ ሹፌሩ ላይ ጮኸችና ሐጃን እጃቸውን ይዛ አወረደቻቸው።

መንገድ ዳር ቆመው ተከራከሩ። «ሽሮፑ የሆድ፣ በሽታው የጭንቅላት! ምን አገናኛቸው?» አሉ ሐጃ ክንዳቸውን እያስለቀቁ።

«ይስሙኝ ሐጃ። ጭንቅላታችን ውስጥ ኮከብ የሚመስሉ ህዋሳት አሉ፤ አስትሮግሊያ ይባላሉ።»

«ጭንቅላት ውስጥ ኮከብ? አንቺንም ጀመረሽ እንዴ ልጄ?»

የፈራ ሰው እንዲህ በቀልድ መሸሹ የተለመደ ነው። ናጅላ ግን አልተቀየመችም። «ድሮ የተማሩትም ንቀዋቸው ነበር። የነርቭ ህዋሳትን ከማያያዝ ሌላ ሥራ የላቸውም ብለው ሙጫ አሏቸው።»

«ሙጫ የሚንቅ ሰው የደምያጥ ወንበር ላይ አልተቀመጠማ!»

«እኮ! ኋላ ሲመረመሩ ነርቮቹን የሚመግቡ፣ ውኃና ጨው የሚመጥኑ፣ ቆሻሻ የሚጠርጉ እነሱ ሆነው ተገኙ። አሁን፣ ምግብ አንጀት ውስጥ ሲፈጭ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣዋል። ደኅና ጉበት ያጠፋዋል። የኡስታ ጉበት ግን ደክሟል፤ መርዙ በደም አድርጎ አንጎል ይገባል። ኮከቦቹ ነርቮቹን ለማዳን መርዙን ወደ ራሳቸው ይወስዱታል። እሱ ሲበዛባቸው ውኃ ይዘው ያብጣሉ። ያኔ ሰው ቀን ከሌሊት ይምታታበታል፤ ሚስቱንም ይረሳል። ሽሮፑ መርዙን ገና አንጀት ውስጥ እያለ ጠርጎ ያወጣዋል። ያ ያሳፈራችሁ ምልልስ ሥራው ነው።»

«ታዲያ... እኔው ነኝ የጎዳኋቸው?»

«አሁን እሱን አናውራ፤ እንፍጠን። ሲብስ እንቅልፍ ይወስዳቸውና አይነቁም።»

እቤት ሲደርሱ ኡስታ ሚትወሊ ግድግዳ ተደግፈው ያንጎላጃሉ። ናጅላ እጃቸውን ዘርግተው መኪና እንደሚያስቆም ሰው መዳፋቸውን ወደ ላይ ቀና እንዲያደርጉ ጠየቀቻቸው። ቀና አደረጉት። መዳፋቸው ወደቀ፤ ተነሣ፤ ደግሞ ወደቀ። ሐጃ ያን እጅ ያውቁታል፤ ጽጌረዳ ሲቀርጽ አንድ ቀን እንኳ ስቶ አያውቅም። ክርክሩ እዚያው አበቃ። ነጠላ ጫማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቁ ታክሲ ፍለጋ ወጡ።

ሆስፒታል ሐኪሙ፣ «ሽሮፑን ይወስዱ ነበር?» ሲል ወሬውን ሰምተው የደረሱት የኡስታ ታላቅ ወንድም ቀድመው፣ «እንዴታ!» አሉ። ናጅላ ወደ ሐጃ ዞረች። ሐጃ ኢንሳፍ ላብ አጠመቃቸው። እውነቱን ቢናገሩ የባላቸው ወገን ምን ይላቸዋል? ባይናገሩስ?

«የለም» አሉ በመጨረሻ። «ስምንት ቀን ሆነው፤ ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ደግሞ ሆዳቸው ደርቋል።»

ወንድምየው አፈጠጡባቸው። ሐኪሙ ግን፣ «ይህን በመንገርዎ ብዙ ሰዓት አተረፉልን» አለና ሽሮፑን ወዲያው እንዲሰጧቸው አዘዘ። የተደበቀ መድማትና ኢንፌክሽን እንዳይኖርም ደማቸውን አስመረመረ።

ሐጃ ሁለት ቀን ከአልጋው ራስጌ አልተነሡም። የባላቸው እስትንፋስ በረዘመ ቁጥር ይደነግጣሉ፤ ባጠረ ቁጥር ይደነግጣሉ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኡስታ ዓይናቸውን ገለጡና፣ «ኢንሳፍ፣ ይህን ሁሉ ሰው ማን ሰበሰበብኝ?» አሉ።

ሐጃ ስማቸውን ሲሰሙ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው አለቀሱ።

«ልጄ፣ ይህ ሽሮፕ እንግዲህ ዕድሜ ልክ ነው?» ብለው ናጅላን ጠየቋት፤ ጥያቄያቸው አሁን የሙግት አልነበረም።

«ሐኪሙ ተው እስኪል ድረስ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለስለስ ብሎ ከወጣ ልኩ ነው። ከዚያ ካለፈ ሐኪሙ ይቀንሳል እንጂ እርስዎ አያቁሙት። ሆዳቸው ከደረቀ፣ እንቅልፋቸው ከተዛባ፣ ወይም እጃቸው እንዲያ ከወደቀ ለነገ ሳያሳድሩ ሐኪም ዘንድ ያምጧቸው። እንቅልፍ እንቢ ቢላቸውም የእንቅልፍ ኪኒን በገዛ እጅዎ እንዳይሰጧቸው።»

ሐጃ አንድም አልሳቱም። ኀፍረትን የፈሩት ለባላቸው ክብር ብለው ነበር፤ ያ ክብር ግን ባላቸውን ሊያሳጣቸው ምንም አልቀረው። ስለ ሆድ በግልጽ ማውራት የሰውን አእምሮ እንደሚያተርፍ ካዩ ወዲህ፣ የጉበት ታማሚ ያለበት ቤት ሁሉ ገብተው፣ «ሽሮፑስ? በቀን ስንቴ?» ብለው ሳይጠይቁ አይወጡም። አንዳንዷ ሴት ታፍራለች፤ እሳቸው ግን መልስ ሳያገኙ ከወንበር አይነሡም። በዚህ ምክንያት በዚያ ሰፈር ሁለት ሰዎች በጊዜ ሐኪም ዘንድ ደረሱ።

ኡስታ ሚትወሊ ሥራ የጀመሩ ዕለት አልጋም ወንበርም አልነኩም። ከጥሩ ዝግባ በር ሠርተው፣ መጋረጃ ብቻ ለነበረው የሥራ ቤቱ ሽንት ቤት ገጠሙለት። ሠራተኞቹ አፋቸውን ይዘው ሲስቁ ዞር ብለው አዩዋቸው።

«ሳቁ፤ ግድ የለም» አሉ። «የሚስቅብኝን ሰው ሁሉ ስሙን አውቀዋለሁ።»

ከዚያም የአንዱንም ስም ሳይስቱ አንድ በአንድ እየጠሩ ወደ ሥራቸው መለሷቸው።