በሣር ላይ የተኛው ሕፃን

ሽማግሌው ራናዲራ በጠዋት ወንዝ ዳር ወርዶ ስለታሙን ሣር ያጭድ ነበር። ማጭድ አልያዘም፤ የሚያጭደው ሲዋጋበት ባረጀው ሰይፉ ነው። በእኛ በጦረኞች ወገን ይህ ሣር በዚህ ዓይነት የሚታጨደው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር። በበሽታ ቤቱ ውስጥ የሞተ ወንድ በላዩ ይጋደምና ደረቱ በሰይፍ ይሰነጠቅ ነበር። በአልጋው የሞተ ከጀግኖች ሰማይ አይገባም ይባል ስለነበር ለሬሳው ቁስል ይበጅለታል።

በዚህ መካከል አንዲት ጀልባ አንድ ወጣት አውርዳ ተመለሰች። ወጣቱ የራናዲራ ምራት የኬታኪ ወንድም ዴቫሚትራ ነበር፤ ለብዙ ዓመት ከጫካ መምህር ዘንድ ተቀምጦ ትምህርቱን ጨርሶ መመለሱ ነው። ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን እግር ነካ። ቀና ሲል ሣሩን አየ።

«አባባ፣ ማን ሞተ?»

«የእኅትህ ልጅ» አለ ራናዲራ፣ ከሣሩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ። «ትኩሳት ነው። ትናንት ማታ አረፈ።»

ዴቫሚትራ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሊያየው ሲጓጓ የመጣው ሕፃን ነው። አልቅሶ ሲያበቃ ዓይኑ ወደ ሰይፉ ተመለሰ።

«ጥርስ እንኳ አላወጣም እኮ! እሱንም ነው?»

«ወንድ ነው፤ የጦረኛ ልጅ ነው። እኅትህ ግን ነብር ሆናብኛለች። ሬሳውን አቅፋ ከጓዳ አልወጣም ብላለች። እንኳን መጣህ፤ አንተን ትሰማለች። ሂድና አስለቅቃት፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መቀበር አለበት።»

«ይህንስ ከእኔ አይጠብቁ።»

«አዬ! የዛፍ ፍሬ ስትለቅም ወገንህን ረሳህ? ለነገሩ አንተ ምን ታደርግ፤ ያ ፂሙ ጉልበቱ የደረሰ መምህርህ ሰይፍ ሲያይ ዛፍ ላይ ይወጣል አሉ።»

«ይቆጡኝ አባባ፣ ግን ይመልሱልኝ። ይህ ልማድ ለሕፃኑ ምን ይበጀዋል?»

ራናዲራ አንድ እፍኝ ሣር አጭዶ ጣለ። ሲናገር ድምፁ ተለውጦ ነበር።

«አባቱ እዚያ ነው ያለው። ልጄ ጦር ሜዳ ላይ ሲወድቅ ይሄኛው ገና አልተወለደም ነበር። ዝም ብዬ ብቀብረው አባቱን በየት በኩል ያገኘዋል? እዚህ አልተያዩ፤ እዚያም ሳይተያዩ ይቅሩ? ጨካኝ መስዬህ ነው?»

እውነት ለመናገር ሽማግሌው ጨካኝ አልነበረም። ክፉ ልማድን የሚጠብቁት ጨካኞች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ዱሮ በጠፋ ነበር፤ ዕድሜ የሚሰጡት እንዲህ ያሉ አፍቃሪዎች ናቸው። ዴቫሚትራም ይህ ገብቶት ቁጣውን ዋጠ።

«ልጅዎን የገደለው ያ የቀስቱ ጅማት የተበጠሰበት ሰው ነው ይባላል። እውነት ነው?»

«ታውቀው የለ፤ ለምን ታስደግመኛለህ?» አለና ራናዲራ ተነፈሰ። «ከእኔ ጋር ሲዋጋ የቀስቱ ጅማት ተበጠሰ። መሣሪያ የሌለውን መምታት በሕጋችን ነውር ነው። ሌላ እስኪያስር ሠረገላዬን አቁሜ ጠበቅሁት። በማግሥቱ በዚያው ጅማት ልጄን መታው።»

«ተጸጸቱ?»

«ወንድሜ ሳይቀር ‹ልጅህን ራስህ ገደልከው› አለኝ። ያንገበግበኛል፤ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ግን ዛሬም ቢሆን እጁ ባዶ የሆነ ሰው አልመታም። የተኛ ሰው አልመታም። ልጄን የበላ ሕግ ነው፤ ከሱ ሌላ ምን ቀረኝ?»

«እንግዲያው ሕፃኑ ምን መሣሪያ ይዟል?»

ሽማግሌው ማጨዱን አቆመ።

«እጁ ባዶ ነው፤ ተኝቷል» አለ ዴቫሚትራ። «ልጅዎ የሞተበትን ሕግ በልጅዎ ልጅ ላይ ሊያፈርሱት ነው? አባቱስ ሲቀበለው ቁስሉን አይቶ ‹ማን መታህ ልጄ?› ቢለው ምን ብሎ ይመልሳል?»

«ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» አለ ራናዲራ። ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ ሳቁ ግን አልመጣም። «ካልቆሰለ ባይገባስ? አንተ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፤ መምህሬም አላውቅም ይላል። ግን ቁስል ጀግና አያደርግም፤ ቢያደርግማ ሲሸሹ ከጀርባ የተወጉት ሁሉ ጀግኖች በሆኑ ነበር። ደግሞስ ልጁን ለመለየት ጠባሳ የሚፈልግ ምን አባት ነው? ልጅዎ እንዲህ ያለ ሰው ነበር?»

«አልነበረም» አለ ሽማግሌው። «የኔ ልጅ እንዲህ አልነበረም።» ከዚያ በኋላ ሽበታም ፂሙ በእንባ እስኪርስ አለቀሰ።

ቤት ሲደርሱ ራናዲራ ሰይፉን ለዴቫሚትራ ሰጥቶ ወደ ጓዳ ገባ። ኬታኪ ስታየው ሕፃኑን አጥብቃ አቀፈችው፤ ሌሊቱን ሙሉ በር በር ስትመለከት ያደረች ናት። ሽማግሌው ሁለቱንም መዳፎቹን ዘርግቶ አሳያት።

«ልጄ፣ እጄ ባዶ ነው። እጠቢውና እንዳለ እንቀብረዋለን። ሣሩ ለመኝታው ይሁን።»

ኬታኪ ያን ጊዜ ገና ጮኻ አለቀሰች። እስከዚያ ድረስ ዘብ ስትቆም ለማልቀስ ፋታ አላገኘችም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ራናዲራን እያዩ ልማዱ በመንደሩ እየቀረ ሄደ። እናቶች ሬሳ መጠበቅ ትተው ሐዘናቸውን አዘኑ። የታመመ ወንድ በአልጋዬ እንዳልሞት ብሎ እየተንገዳገደ ወደ ጦር ሜዳ መሄዱ ቀረ። በሽታም ውርደት መሆኑ ቀርቶ፣ ትኩሳት የያዘው ልጅ ሳይደበቅ መድኃኒት አዋቂ ይጠራለት ጀመር። ሞትስ አልቀረም፤ በሐዘን ላይ ቁስል መጨመሩ ግን ቀረ።

ከዓመታት በኋላ ራናዲራ ራሱ ሳል ጥሎት ኬታኪ ውኃ በጥርኝ ታጠጣው ነበር። አንድ ቀን ወንድሙ የራናዲራን ሞት መቃረብ ሰምቶ ሣርና ሰይፍ ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ ኬታኪም ወጥታ መንገዱን ዘጋችበት።

«ዞር በይ አንቺ! ራናዲራን የሚያህል ጦረኛ እንደ ነጋዴ በአልጋው ይሙት?»

«ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ» አለች ኬታኪ። «አባባ ተኝተዋል። የተኛ ሰው ደግሞ አይመታም።»

ሽማግሌው ከውስጥ ሰማት። ዓይኖቹን ጨፈነ፤ እጆቹን ከልብሱ ውስጥ አወጣና ባዶ መዳፎቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ተኛ።